የተመረቀችው ጂፕ

ሰለሞን ባሌ ነው፤ ልቡን ግን ከአንድ ዓመት ወዲህ መኪና ወስዶታል። እሱስ ምን ያድርግ? ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው መንገድ ላይ በየሳምንቱ አዲስ ጂፕ ብቅ ይላል። ድሮ ጂፕ ማለት አንድ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አሁን ቻይናውም፣ ጃፓኑም፣ እንግሊዙም ተነሥቶ ሣጥን የመሰለ መኪና ይሠራል። አንዱ "የእኔ ወንዝ ትሻገራለች" ሲል ሌላው "የእኔ አቀበት ትወጣለች" ይላል። የባሰባቸው ደግሞ ከአርባ ዓመት በፊት መሥራት ያቆሙትን ሞዴል ከመቃብር አስነሥተው፣ ክብ መብራቷን ሳይነኩ ሆዷን ብቻ ኤሌክትሪክ አድርገው "አዲስ" ብለው ያመጡልናል። ሰለሞን ይህን ሁሉ በስልኩ ያያል። እኔ የገበሬውን ወተት ስለካ እሱ አጠገቤ ቆሞ ስለ ጎማ ከፍታ ያስረዳኛል።

እኔ ደግሞ ጂፕ አለችኝ። አባቴ አሥራት ከሱሉልታ ገበሬዎች ወተት እየሰበሰበ አዲስ አበባ ማድረስ የጀመረባት፣ እኔንም መሪ ያስጨበጠባት አረንጓዴ ጂፕ ናት። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመቱ፤ ሥራውንም እሷንም የወረስኩት እኔ ነኝ። እርግጥ ነው አርጅታለች። ብርድ ሲሆን አልነሣም ትላለች፣ ዳገት ላይ ታስላለች። ቢሆንም አንድም ቀን ወተት መንገድ ላይ አስቀርታብኝ አታውቅም።

ሰለሞን የተመኛት የታደሰችዋ ሞዴል ቅርጿም ቀለሟም ቁርጥ የእኔዋን ናት። ቡራዩ ያለው መሸጫ ግን ወረፋው አይጣል ነው። እዚያ የሚሠራ ሰልማን የሚባል ሻጭ መላ አመጣ፦ "ድርጅታችን ተፎካካሪዎቹን ለመብለጥ የድሮዋን ከአዲሷ ጎን መስታወት ውስጥ ማቆም ይፈልጋል። የእናንተን ከሰጣችሁን ወረፋው ላይ አንደኛ ናችሁ።" ሰለሞን እኔን ሳይጠይቅ እሺ አለ።

"ትጊዬ፣ ሥራ ላይ ከምትሞት በክብር ትቁም" አለኝ ቤት መጥቶ።

"በቁሙ ሐውልት የሚሠራለት ማን አለ?" አልኩት። ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጂፔ አልነሣም ስትለኝ ደከመኝና "በቃ ውሰዳት" አልኩ።

እሑድ ዕለት ሰለሞን አዲሷን ሊያመጣ ቡራዩ ሄደ። ሰልማንም ተከትሎ መጥቶ አሮጌዋን ሊወስድ ተቀጣጥረዋል። እኔ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባልዲና ጨርቅ ይዤ ጂፔን አጠብኳት። ጎማዋን፣ ጣሪያዋን፣ የበሯን ማጠፊያ ሳይቀር። ሰም ቀብቼም ወለወልኳት። አለቀስኩም። ለመኪና ታለቅሳለች የሚለኝ ካለ ይበል፤ አባቴን ለሁለተኛ ጊዜ የምሸኝ ነው የመሰለኝ።

ሰለሞን ሲመጣ መኪናዋ አትታይም፤ የሚታየው ጭቃ ነው። ልፈትናት ብሎ ከአስፋልቱ ወርዶ ዝናብ የጠገበውን ሜዳ አቋርጧል። እስከ መስኮቷ ተለስናለች። "አየሽ? አልተያዘችም!" አለኝ ፊቱ በርቶ። ላጥባት ስለው "ተዪ! ጭቃው ማዕረጓ ነው" ብሎ ከእኔዋ ጎን አቆማትና ጫማውን ሊቀይር ገባ።

ይሄኔ ኦቦ ዲሪባ ደረሱ። ለአባቴ የመጀመሪያውን ወተት የሸጡለት ጎረቤታችን ናቸው፤ በሰፈራችን እሳቸው ሳይመርቁት ሥራ የሚጀምር መኪና የለም። የጠራቸው ሰለሞን ነው። በአንድ እጃቸው እርጥብ ሣር፣ በሌላው ቅቤ በቅጠል ይዘዋል።

"አከም ጅርቱ፣ ትጊ? እንኳን ደስ ያላችሁ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኦቦ ዲሪባ። ይግቡ።"

ሁለቱን መኪኖች አዩ። አንዷ ታበራለች፣ አንዷ ጭቃ ለብሳለች። ሽማግሌው ምን ያድርጉ? ቀጥ ብለው ወደምታበራው ሄዱ።

አይቻለሁ። "እሷ አይደለችም" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። መዳፌን ዘረጋሁ።

ቅቤውን ኮፈኗ ላይ ቀቡ፣ ሣሩን ጣሪያዋ ላይ በተኑ። "ሀ ጅራቱ! ዕድሜዋ ይርዘም!"

"አሜን!" አልኩ። ከበሩ በኩል ደግሞ "አሚን!" የሚል ወፍራም ድምፅ ሰማሁ፤ ሰልማን ደርሶ ኖሮ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሰለሞንም "ተጀመረ እንዴ!" እያለ አንድ ጫማ ብቻ አጥልቆ ወጣ። ምርቃት ሲሰማ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው፤ ጨፈነ።

"ከክፉ ዓይን ይሰውራት!"

"አሜን!"

"የልጅ ልጅ ይንዳት!"

"አሜን!"

"ከዚህ ቤት የሚለያት፣ ለባዕድ የሚሰጣት አይኑር!"

"አሜን!" አለ ሰለሞን ከሁላችን በላይ ጮክ ብሎ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። የኦቦ ዲሪባ ቅቤያም እጅ ያረፈው አሮጌዋ ላይ ነው።

"ኦቦ ዲሪባ..." አለ ድምፁ ሰልሎ፣ "አዲሷ እኮ ያቺኛዋ ናት።"

ሽማግሌው ዞረው አዩ። "ይቺ? እኔማ ከእርሻ የገባች መስሎኝ! ሙሽራ ሳትታጠብ ትወጣለች እንዴ ልጄ?" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"እንግዲያው ያንሱትና ለዚችኛዋ ያድርጉላት።"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔ መረቅኩ፣ አንተ አሜን አልክ። ምን ላድርግህ?"

ሰለሞን ወደ ሰልማን ዞረ። ሰልማን ቁልፍ ሊቀበል የመጣበትን እጁን ኪሱ ከቶታል። "እኔን አትየኝ፣ ወንድሜ። አሚን ብያለሁ። አሚን ባልኩበት አፌ በገዛ እጄ ነድቼ ላስወጣት? አላደርገውም! ሰበታ አንድ አሮጌ አለች ይባላል፤ እሷን እፈልጋለሁ። የአለቃዬን ነገር ለእኔ ተወው።"

ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ። ሰለሞን ግን አሳዘነኝ። ዓመት ሙሉ የተመኛት መኪና ምርቃት አጥታ ቆማለች። "ኦቦ፣ ይችንስ ዝም ብለው ሊያልፏት ነው?" አላቸው፤ ድምፁ የልጅ ሆነ።

ኦቦ ዲሪባ ወደ አዲሷ ሄዱ። በጋቢያቸው ጫፍ የመብራቷን ጭቃ ጠረጉ። ያንን ክብ መብራት አዩ፣ ዞረው ደግሞ የእኔዋን አዩ። መዳፋቸው ላይ የቀረችውን ቅቤ ኮፈኗ ላይ ለቀለቁ።

"አንቺም እንደሷ አርጂ" አሏት።

ሰለሞን በዚህኛው ዓይኑን አልጨፈነም። አሮጌዋን አያት፤ የወተት ጀሪካን የፈተገውን የኋላ በሯን፣ የአባቴ ክንድ ቀለሙን ያስለቀቀውን የመስኮት ጠርዝ። "አሜን" አለ ቀስ ብሎ።

እኔም አሜን አልኩ፤ አሁን ሳላጭበረብር።