የሁለት ከተማ ትዳር

ወይዘሮ አርሴማ ከአሰላ ተነሥተው፣ አዲስ አበባ እህታቸው ቤት አድረው፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ቢቸና መናኸሪያ ሲወርዱ የተቀበላቸው አማቻቸው ይታገስ ብቻ ነበር።

"ሉሊትስ?" አሉ፣ ገና ጉንጩን ስመው ሳይጨርሱ።

"ተረኛ ሆነች እማማ። የምትተካት ልጅ ታማባት ነው። ነገ ሞጣ እንሄዳለን፤ ዛሬን እኔ ነኝ የማስተናግድዎ" አለ፣ ሻንጣቸውን ከእጃቸው እየተቀበለ።

ወይዘሮ አርሴማ ቅር አላቸው። ይህን ሁሉ አገር አቆራርጠው የመጡት ለልጃቸው የሚነግሯት ጉዳይ ኖሯቸው ነው። ሉሊት ሞጣ አዋላጅ ነርስ፣ ይታገስ ቢቸና የታሪክ መምህር ነበሩ። ተዋውቀው፣ ተዋደው፣ አሰላ ላይ ተድረው፣ በሳምንቱ እሷም ወደ ሞጣዋ እሱም ወደ ቢቸናው ተመለሱ። ዝውውር ቢጠይቁ ጠብቁ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ቅዳሜና እሁድ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ እየተገናኙ ይኖራሉ። የአሰላ ጎረቤት "ባል ቢቸና፣ ሚስት ሞጣ፣ ይሄ ትዳር ነው መንገደኝነት?" እያለ የወይዘሮ አርሴማን ልብ ሲያደማ ከረመ። በቅርቡ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ስጦታው፣ አሰላ ለአንድ አዋላጅ ቦታ መገኘቱን ነገራቸው። ለአንድ ሰው ብቻ። ይህን በስልክ ማለት አልሆነላቸውም።

ይታገስ ምሳ ሊጋብዛቸው ከገበያው ጀርባ ወዳለች ጠባብ ምግብ ቤት ወሰዳቸው። ባለቤቲቱ ይርገዱ እጇን እየጠረገች ብቅ አለች።

"የሉሊት እናት ናቸው" አላት።

"ውይ! እኔ ልሙትልዎ!" ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። "ዛሬ ጾም ነው፣ እልበት አለኝ። እንደ ሉሊት ላድርግልዎ?"

"እንደ ሉሊት ማለት?"

"ስናፍጩን በዛ አድርጌ።"

ወይዘሮ አርሴማ ሳቅ አመለጣቸው። "የኔ ልጅ? ቃሪያ ገና ስታይ የምታለቅሰዋ?"

"አሁንም ታለቅሳለች" አለ ይታገስ። "እንባዋ እየወረደ ጨምሪልኝ ትላለች።"

ቀረበላቸው። በመጀመሪያው ጉርሻ ስናፍጩ አፍንጫቸውን ወግቶ እስከ አናታቸው ወጣ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ይታገስ ውኃ ሊያቀርብ ሲንደፋደፍ እጃቸውን አወዛወዙና ሁለተኛውን ጠቀለሉ። አማትና አማች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ።

ከምሳ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወሰዳቸው። ተሳልመው ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እዚያም እዚያም የቅኔ ተማሪዎች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ ቅኔያቸውን ይቆጥራሉ። ነፋሱ ሲነሣ የወይራው ቅጠል ይንሿሿል፤ ሌላ ድምፅ የለም።

"እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?" አሉ ወይዘሮ አርሴማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምንም። ዝም እንላለን።" ይታገስ ትንሽ አመነታ። "ሉሊት ሳምንቱን ሙሉ የምጥ ጩኸት ስትሰማ ነው የምትሰነብተው፣ እማማ። አንዳንዴ እናት ሳትተርፍ ትቀራለች፤ ያን ሳምንት ስትመጣ አትናገርም። እኔም አልጠይቃት። እዚህ አመጣታለሁ። ሲመሽ ራሷ ትነግረኛለች።"

ወይዘሮ አርሴማ ይህን አያውቁም ነበር። ስልክ ሲደውሉ "ደኅና ነኝ እማዬ፣ ሥራ ጥሩ ነው" የምትላቸው ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዓት ተቀመጡ፤ እንሂድ ያለም የለም። ማታ ይታገስ ክፍሉን ለቆላቸው ጓደኛው ዘንድ አደረ።

በማግሥቱ ሞጣ ሲደርሱ ሉሊት የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መናኸሪያው ውስጥ ቆማ አገኟት። እናቷን አቅፋ አልለቅም አለች። ከስታለች። ዓይኖቿ እንቅልፍ ያጡ ናቸው። ወይዘሮ አርሴማ "ይኸው፣ ይኸው ነው እኔ የምፈራው" አሉ በልባቸው።

ቁርስ የወሰደቻቸው ወይዘሮ ዘሐራ የሚባሉ ሴትዮ ቤት ነው። ፉሉ በቅቤ፣ ሻዩ በቅርንፉድና በሄል ነው።

"አንቺ የምትወጂው ቤት ነው?"

"ይታገስ ነው የሚወደው። እኔማ ሻይ ብዙም አልወድ፤ ታውቂ የለ?"

ወይዘሮ ዘሐራ ብርጭቆ እያቀረቡ ጨዋታውን ነጠቁ። "እሱማ ሥራዋን ሳትጨርስ ነው የሚደርሰው። ያቺን መንገዱን የምታሳየውን ወንበር ይይዛል። ልጄ፣ ቁርስ ብላ እለዋለሁ፤ እሷ ትምጣ ይለኛል። ፉሉን ሦስቴ አሙቄለት አውቃለሁ።"

ይታገስ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ማማሰል ያዘ። ሉሊት ሳትስቅ አየችው።

ወይዘሮ አርሴማ ጉዳያቸውን ከዚህ በላይ ይዘው መቆየት አልቻሉም። አወጡት። ስጦታው ያለውን፣ ቦታው አሰላ መሆኑን፣ ቤቷ፣ እናቷ፣ ዘመዷ እዚያ መሆናቸውን ተናገሩ። "ግን ለአንቺ ብቻ ነው" ብለው ጨረሱ።

መጀመሪያ የተናገረው ይታገስ ነበር። "ሂጂ" አላት። "እውነቴን ነው። እዚህ እየደከምሽ ነው። እኔ እከተልሻለሁ።"

"መቼ?"

"ሲፈቀድልኝ ነዋ።"

"ከሞጣ ቢቸና ያልተፈቀደ፣ ከቢቸና አሰላ ሊፈቀድ?" ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "አንተ ለኔ አዝነህ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እንዲህ አትዘንልኝ።" ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ፣ አንቺ ጋ መሆን እወዳለሁ። ይናፍቀኛል። ግን የባሰ ቀን ገጥሞኝ ዝም ስል፣ አሰላ ዝምታዬን ማን ያውቅልኛል?"

ወይዘሮ አርሴማ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዛፉ ሥር የተቀመጡበት ከሰዓት በኋላ ትዝ ሲላቸው መልሰው ዘጉት።

"ከአባትሽ ጋር" አሉ፣ "ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልካችንን በአንድ ጣሪያ ሥር ኖርን። ግን ሻይ ምን ዓይነት ትወዳለህ ብዬው አላውቅም። የሰጠሁትን ይጠጣ ነበር፣ ደግ ሰው። ወደደው ጠላው፣ እንጃ።" የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አሳለፉ። "ስጦታውን እኔ እነግረዋለሁ። ሌላ ሰው ያስገባበት።"

ሉሊት ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ወይዘሮ ዘሐራም በሩን ገርበብ አደረጉላት።

እሁድ ረፋዱ ላይ ሉሊት እናቷን እስከ ቢቸና ልትሸኝ ሦስቱም ተሳፈሩ። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ሲደርስ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ "ምሳ ብሉ፣ እቆያለሁ" አለ።

"የት ነው ጥሩ የሚበላው?" አሉ ወይዘሮ አርሴማ።

ባልና ሚስት ተያዩ። በዚህች ከተማ ስንት ጊዜ አልፈዋል፤ ወርደው ግን አያውቁም። ያለወትሯቸው እንግዳ ሆኑ።

"እንግዲህ እኔ ልምራችኋ" ብለው ወይዘሮ አርሴማ ቀደሙ። ከቅዳሴ የተመለሰ ሰው የበዛበትን ቤት አይተው ገቡ፤ ጥብስ አዘዙ። አስተናጋጇ ስትመጣ "ልጄ፣ እዚህ የሚከራይ ቤት ይገኛል?" አሏት።

"እማዬ!" አለች ሉሊት።

"ምን እማዬ? ከዚህ ቢቸና ሩቅ ነው?"

"ቅርብ ነው" አለ ይታገስ ቀስ ብሎ። "ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ አይጠፋም። ከትምህርት ቤት ለመድረስ..." ንግግሩን ሳይጨርስ ሉሊት "እኔ አዳር ስወጣ እረፍት አለኝ። ከሞጣ እዚህ ለመምጣት እኮ ቢቸና ድረስ እንደመሄድ አይሆንም" አለች። ሁለቱም አንድ ላይ መናገር ጀመሩ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ቆሙ። እሱ እሷን ወደ ቢቸና፣ እሷ እሱን ወደ ሞጣ ለማምጣት ሲደክሙ፣ ስለ መሃል መንገዱ ለማሰብ ጊዜ አልነበራቸውም።

አስተናጋጇ ያሳየቻቸው ቤት ከማርያም በታች ነው። ሁለት ክፍል፣ ጓሮው ጌሾ የበቀለበት። ሉሊት ገብታ መስኮቱን ከፈተች። ይታገስ ጣሪያውን አንጋጦ ያፈስ እንደሆነ ያያል። ከመንገዱ የሚኒባሱ ጥሩንባ ተሰማ፤ ደግሞም ተሰማ። ወይዘሮ አርሴማ በሩ ላይ ቆመው "ይሂድ፣ ይሂድ፣ ሌላ ይመጣል" አሉ።

ዝውውሩ እስካሁን አልመጣም። ሉሊት ተረኛ በምትሆንበት ጠዋት ሁለቱ ከተከራዩት ቤት ወጥተው ደብረ ወርቅ አስፋልት ዳር ይቆማሉ፤ እሱ ወደ ቢቸና፣ እሷ ወደ ሞጣ። ቀድሞ የተሳፈረው በመስኮቱ እጁን ያወጣል።