ሁለት ማጉያ፣ አንድ ሳጥን

ኮምቦው ይሻላል፣ ምን ያወላውላል፣ ማጉያውም ስፒከሩም አንድ ላይ፣ እጀታውን ይዞ ብድግ፣ ሚኒባስ ላይ ጭኖ፣ ጊታሩን ሰክቶ መጫወት ነው፣ ማንንም እባክህ አግዘኝ ማለት የለ፣ መምህር ተዋቸው ይህንን ለራሱ ሲል ሦስተኛ ጊዜው ነው፣ ሙሉጌታ ከባንኮኒው ጀርባ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ይጠብቀዋል፣ ለሠርግ ሙዚቀኛ ዕቃ የሚያመጣው ቆቦ ላይ እሱ ነው፣ ምን ያስቸኩለዋል። ቲቸር፣ ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው፣ ዋጋቸውም ያው ነው፣ የሚመችህን ውሰድ። የሚመቸው። የሚመቸውን ቢያውቅማ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ምን ይገትረዋል።

ያችኛዋ ሄድ የሚሏት ናት፣ ማጉያ ብቻ፣ ከጫማ ካርቶን ትንሽ ከፍ የምትል፣ ከኋላዋ አምፖል የሚመስሉ ጠርሙሶች የተደረደሩባት፣ ልክ እንደዚያች እንደተቃጠለችው የድሮ ማጉያው። ድምፅዋ ነፍስ ነው። ግን ለብቻዋ ዲዳ፣ ስፒከር ያለበት ሳጥን ካላገኘች ትንፍሽ አትልም፣ ሳጥኑ ደግሞ ዋጃ ነው፣ ባጃጅ ነጂው ረዲ ቤት፣ ታዲያ ምን ያደርግላታል፣ ኮምቦው ይሻላል ተባለ እኮ።

ጎብዬ አናጢ ቤት ነው ያሠሩት ሳጥኑን፣ ረዲ ጣውላውን ተሸክሞ፣ እሱ በእርሳስ ልኩን እያሰመረ። እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ያንተ ኪራይ ቤት እንኳን ሳጥን አንተንም አልቻለች፣ አለ ረዲ። አራት ዓመት። ፊዚክስ አስተምር ተብሎ ከጎጃም ሲመደብ የቆቦ ሙቀት ሊገድለው ነበር፣ አንድ ባጃጅ ነጂ ጊታሩን አይቶ፣ ቲቸር፣ ትጫወታለህ እንዴ፣ የአክስቴ ልጅ ሠርግ አለ፣ ና፣ አብሽር፣ ሰዉ አይበላህም። ከዚያ ወዲህ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ያልገቡበት ዳስ የለም፣ ሳጥኑ ከኋላ ወንበር በገመድ ታስሮ፣ እሱ ከረዲ ጎን ተጣቦ፣ ማጉያዋን ጭኑ ላይ አቅፎ።

ኮምቦ ጭን ላይ አይቀመጥም። ከባድ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ፖርቶመጋላ ላይ ይወረውረዋል፣ ይወርውረዋ፣ ቢያንስ ገመድ የሚነቅልበት ሰው አይኖርም።

ይኸው፣ ሐሳቡ ዞሮ ዞሮ እዚያው። አቶ ሞላ ልጃቸውን ሲድሩ፣ ሙስሊም ጎረቤቶች በአንዱ ዳስ፣ ክርስቲያኖቹ በሌላው፣ ለየራሳቸው ታርዶ፣ ሙዚቃው ግን የሁሉም። አዛን ሲሰማ ጊታር ያቆማል፣ ይህንን የጻፈው የለም፣ ረዲ ትከሻውን ነካ ያደርገዋል፣ እሱ እጁን ከክሩ ያነሳል፣ አዛኑ ሲያልቅ ይቀጥላሉ፣ አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም። ያን ቀን ግን አዛኑ የተሰማው ሙሽራዋ ራሷ ተነስታ እየጨፈረች ነው፣ ጣቱም እንደዚያ ቀን ታዞለት አያውቅም፣ ረዲ አንዴ ነካው፣ እሱ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ደግሞ ነካው፣ ቆይ ባክህ፣ ከዚያ ጸጥ። ረዲ ከሳጥኑ ጀርባ ገመዱን ነቅሎታል። እሱ በንዴት ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተ፣ ክሩን ጠለዘው፣ ደገመው፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ማጉያዋ አለቀላት። አንተ ከባጃጅ መሪ ሌላ የማታውቅ ደንቆሮ! አለው፣ በሁለቱም ዳስ ፊት።

ረዲ ሳጥኑን ጫነ፣ እሱንም ጫነው፣ ቆቦ ድረስ አመጣው፣ ቤቱ በር ላይ አወረደው። ጥሎት ቢሄድ ይሻለው ነበር። ሁለት ወሩ ነው፣ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ሁለቴ ጡሩምባ ይነፋ የነበረ ሰው አሁን ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ተዋቸው ግን ጠመኔውን እንደያዘ እስኪርቅ ድረስ ያዳምጠዋል።

ለመሆኑ ደንቆሮው ማን ነው። እንዲህ ያለች ማጉያ እየሠራች ከሳጥኗ ከተለየች ኃይሉ መውጫ ያጣና ራሷን ያቃጥላታል፣ ይህንን ያውቃል፣ አሳምሮ ያውቃል፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ኤሌክትሪክ ሲለፈልፍ የሚውል መምህር፣ አራት ዓመት ሳጥኑን ለተሸከመለት ሰው ይህችን አንዲት ነገር አልነገረውም። ቢነግረው የጊታሩን ገመድ ይነቅል ነበር። ድምፁንስ እስከ ጫፍ የከፈተው የማን እጅ ነው፣ ለአዛኑስ አላቆም ያለው ማን ነው። አፈረ፣ ፊቱ እስኪግል አፈረ፣ ሙሉጌታ እንዳያየው ኮምቦው ላይ አጎንብሶ ቁልፎቹን የሚያይ ይመስላል።

ጥሩ ዕቃ ነው ኮምቦው። ምንም አይወጣለትም። ብቻውን ተሸክሞት ይሄዳል፣ ብቻውን ያወርደዋል፣ አብሽር የሚለው የለ፣ ሠርጉ ሲያልቅ በባዶ መንገድ ላይ መኪና ይጠብቃል።

ቲቸር፣ ወሰንክ ወይስ ምሳ ልብላ?

ስልኩን ያወጣል፣ ረዲ ጋ ይደውላል። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አያነሳም፣ ምን ብሎ ያነሳል፣ ሊዘጋው ሲል በስልኩ የባጃጅ ሞተር ድምፅ ይሰማል።

አለሁ ቲቸር።

ረዲ፣ ይቅር በለኝ፣ ማጉያዋን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም፣ ስድቡም የኔ ነውር ነው፣ ለአዛኑም ማቆም ነበረብኝ። በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው። ሞተሩ ይጠፋል። ቆይ እስቲ፣ ሰው አለ፣ ላውርደው። ሒሳብ ሲቀበል ይሰማዋል፣ ወላሂ ዝርዝር የለኝም ሲል ይሰማዋል።

እሺ ቲቸር።

ሳጥኑ አለ?

የት ይሄዳል፣ ሚስቴ ፈሪሀ የልብስ ማስቀመጫ ልታደርገው ስትል ሁለት ወር ሙሉ የተጨቃጨቅነው በሱ አይደል።

ሄድ ልገዛ ነው ረዲ።

ግዛዋ። ግን በደንብ አድርገህ ንገረኝ፣ አዛን ሲል የትኛውን ገመድ ነው የምነቅለው?

የትኛውንም አትንቀል፣ ይላል ተዋቸው፣ አንዴ ብቻ ትከሻዬን ንካኝ፣ አቆማለሁ።