ለዴሹን የተመረጠች ሙሽራ

የዴሹን ሽማግሌ አባት ሁለት ፎቶግራፎች ከኪሳቸው አውጥተው በአግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ በእሳቸውና በባኦሊን መካከል አስቀመጡ። በቲያንጂን አስከሬን ማቃጠያ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ስሙ እስኪጠራ ጆሮውን አቁሟል።

«ይቺ በኩላሊት ነው የሞተችው፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ። ያቺን መኪና ገጫት። ሁለቱም የጨዋ ልጆች ናቸው። ምረጥለት።»

ባኦሊን ነገሩ ወዲያው ገባው። እሱም ዴሹንም በተወለዱበት የሻንሺ መንደር፣ ሳያገባ የሞተ ወንድ ከአባቶቹ መቃብር አጠገብ አያርፍም፤ የሞተች ልጃገረድ ድረውለት አብራው ካልተቀበረች በቀር።

ዴሹን ከአራት ቀን በፊት ከዘጠነኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ የቀለም ብሩሹን እንደያዘ ወደቀ። ባኦሊን ከሱ ሁለት ሜትር ርቆ ያንኑ ግድግዳ ይቀባ ነበር። ስምንት ዓመት በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ ኖረዋል። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አመዱን ይዞ እስከ መቃብሩ መሸኘት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባባ። እናቱ ትምረጥለት።»

«እናቱማ ስንቷን መርጣለት ነበር! አንዷን ስትስቅ ድዷ ይታያል ይላል፤ ሌላዋን አጠረችብኝ ይላል።» የሽማግሌው ድምፅ ከፍ አላለም። «ማን እንደያዘው አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ልጄን ከለከልከኝ። አሁን አንተው ትድረዋለህ።»

«የጎንግ ዴሹን ቤተሰብ» አለች በመስኮቱ በኩል ያለችው ሠራተኛ።

ባኦሊን ሳያስበው ብድግ አለ።

«ቤተሰብ ነው ያለችው» አሉ ሽማግሌው። «ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። የአመዱ ሳጥን መስኮቱ ላይ ወጥቷል።

«አባት የልጁን አመድ አይሸከምም፤ ነውር ነው። እኩያው ነው የሚሸከመው። ከመረጥክ አንተ ትይዘዋለህ። በሠርጉም ቀን ፎቶውን ይዘህ በሱ ፈንታ ለሙሽራዋ እጅ ትነሣለህ። እምቢ ካልክ የአጎቱ ልጅ ውጭ ቆሟል።»

«እናንተ ሰዎች፣ ትወስዱታላችሁ ወይስ ልመልሰው?» አለች ሠራተኛዋ።

ባኦሊን ፎቶግራፎቹን አየ። አንደኛዋ ፈገግ ብላለች። ሌላዋ ዓይኗን ወደ ጎን ጣል አድርጋለች፤ ከፎቶው ውጭ የቆመ ሰው የጠራት ትመስላለች። ጣቱን እሷ ላይ አሳረፈ።

«ስሟ ማነው?»

«ምን ያደርግልሃል?»

ሽማግሌው ፎቶግራፎቹን ላመጣላቸው ደላላ ሊደውሉ ወደ በሩ ሄዱ። ባኦሊን ሳጥኑን ተቀብሎ ደረቱ ላይ አስጠጋው። ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

«እሑድ ይመቸናል» ይላሉ ሽማግሌው በስልክ። «አዎ፣ በኛ በኩል ሁሉም ዝግጁ ነው።»