የዝምታው ውድድር

ለቹሶክ የመኸር በዓል ሴኡል በሙሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲወርድ፣ ወደ ደቡብ የሚወስደው አውራ ጎዳና መንገድነቱ ቀርቶ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ቴሺክ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ግን ሚስቱ ኢንሱክ ሆስፒታል ተረኛ ነርስ ስለነበረች፣ ሁለቱን ልጆቹንና አማቱን ወይዘሮ ማክሱንን ጭኖ ደቡብ ዳርቻ ሞክፖ ከተማ ድረስ መንዳት የእሱ ዕጣ ሆነ።

ከከተማው ሳይወጡ ልጆቹ ቃል ማቀባበል ጀመሩ፤ አንዱ በጨረሰበት ፊደል ሌላው ይቀጥላል።

«ሙዝ» አለች ትልቋ ዳሶም።

«ዝሆን» አለ ኡጂን።

«ንብ።»

«ብርድ ልብስ።»

«ስንዴ።»

ኡጂን በ«ዴ» የሚጀምር ቃል ቢያጣ እህቱን በእርግጫ አላት። እሷም ቆነጠጠችው። የመንደሪን ልጣጭ በረረና የቴሺክ ጆሮ ላይ አረፈ። ወይዘሮ ማክሱን በሁለቱ መሃል ብርድ ልብሳቸውን እስከ አናታቸው ስበው፣ «እኔ ተኝቻለሁ» አሉ።

አውራ ጎዳናው ዳር ባለ የመንገደኞች ማረፊያ ላይ ቴሺክ ልጆቹን መጸዳጃ ቤት ወስዶ፣ ሲመለስ አንድ ከረጢት ትኩስ የለውዝ ኬክ ገዛ። ወደ መኪናው እየሄዱ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት።

«ከአሁን ጀምሮ የዝምታ ውድድር ነው። መጀመሪያ የተናገረ ይሸነፋል። ያሸነፈ ከረጢቱን ለብቻው ይወስዳል።»

ልጆቹ አፋቸውን ግጥም አድርገው ገቡ። ኡጂን ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አየና ዓይኑ ፈጠጠ። የአባቱን ትከሻ መታ መታ እያደረገ ወደ ብርድ ልብሱ ጠቆመ።

«አያትህን አትቀስቅስ» አለ ቴሺክ። «በእጅ ማውራትም ማውራት ነው።»

ኡጂን እጁን ሰበሰበ። መንገዱም እንደ ተአምር ለቀቅ አለ። ቴሺክ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ፣ እያንጎራጎረ፣ ይህን ዘዴ እስከ ዛሬ የት አጥቼው ነው እያለ ነዳ። በመስታወቱ ሲያይ የኡጂን ጉንጭ ተነፍቶ ቲማቲም መስሏል። ጎበዝ ልጅ፣ አለ በልቡ።

ስልኩ ጮኸ። ኢንሱክ ነበረች።

«እናቴ የት ናት?»

«ከኋላ ተኝተዋል። ቀስ ብለሽ አውሪ።»

«በሰው ስልክ ደውላልኝ፣ ማረፊያው ላይ የድንች ጥብስ መሸጫው ጋ ቆሜያለሁ እያለችኝ ነው።»

«ኡጂን፣ ብርድ ልብሱን ግለጠው እስቲ» አለ ቴሺክ።

ከሥሩ አንድ ትራስና አንድ ጥቅል ደረቅ ዓሣ ወጣ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

ዝም።

«ውድድሩ አልቋል። ተናገሩ።»

ዳሶም ዓይኗን አጥብባ አየችው። ይህን ማጥመጃማ ታውቀዋለች።

በሚቀጥለው መውጫ ዞሮ፣ በተጨናነቀው መንገድ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተ ተመለሰ። ወይዘሮ ማክሱን አንዲት የፕላስቲክ ዱካ ላይ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቤተሰብ ጋር ተቀምጠው የዓሣ ጥብስ እየበሉ አገኛቸው። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ባርኔጣም ደፍተዋል።

ቴሺክ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ተኝተው መስሎኝ ነው።»

«ልጄን ካገባህ ስንት ዓመትህ? እኔ ሳላንኮራፋ ተኝቼ አይተህ ታውቃለህ?»

ቴሺክ የመኪናውን በር ከፈተላቸው። አማቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡና ወደ ኋላ ዞሩ። «እናንተስ? አያታችሁ ስትቀር ዝም?»

ኡጂን ፈነዳ። «አያቴ፣ እኔ አይቼ ነበር፣ ግን ከረጢቱ…» እያለ ማልቀስ ጀመረ።

«ተሸነፈ» አለች ዳሶም።

ወይዘሮ ማክሱን ከረጢቱን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ያሸነፍኩትስ እኔ ነኝ። እዚህ መኪና ውስጥ የእኔን ያህል ዝም ያለ ማን ነበር?»

አንድ አንድ ኬክ ወደ ኋላ አቀበሉና ስለዚያ ሹፌር ማውራት ጀመሩ። ሰውየው ለእናቱ በስጦታ የያዛት ዶሮ ማረፊያው ላይ አምልጣ፣ ሾርባ ቤት ገብታ፣ አንድ ፖሊስ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ነበር። ልጆቹ አንገታቸውን በወንበሮቹ መሃል አሾልከው በጥያቄ አጣደፏቸው፤ መኪናው በሳቅና በጩኸት ተሞላ። መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። ማንም ልብ አላለም።

«ከዚያስ ፖሊሱ ምን አለ?» አለ ቴሺክ።

«አንተ ፊትህን እያየህ ንዳ» አሉት፤ ቀጠሉም።