ድንቢጥ ትበላለች

እና ድንቢጥ ሳህኗን ለሦስተኛ ጊዜ ስትዘረጋ እጇን መያዝ ነበረብኝ፣ አይ፣ ብይዛት ደግሞ ምን ሊሉ ነው፣ ሰው ቤት እንኳ እንዳትበላ ትቆጣታለች ሊሉ፣ ስለዚህ ፈገግ አልኩ፣ የገደለኝ ያ ፈገግታ ነው፣ የባሌ እህት ጭልፋውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ፣ ምነው የኔ እናት፣ ቤት ምግብ አይሰጡሽም እንዴ፣ የተናገረችው ለልጅቷ ነው፣ የደረሰው ለእኔ። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ባሌ ውሃ ጠጣ። ውሃ! እኛም ቤት እንዲሁ ናት ቢል ምን ነበረበት፣ አንድ ቃል፣ ባለ ተሳቢ መኪና በአንድ እጁ የሚያዞር ሰውዬ እህቱ ፊት ሲሆን በግ ይሆናል።

ያ ትናንት ነው፣ ዛሬ ክሊኒክ ነን፣ አግዳሚው ላይ፣ ድንቢጥ ሙዟን ጨርሳ ልጣጩን ታያለች፣ እንዳትበዪው፣ አልበላውም፣ እያየሁት ነው፣ ሌላ አለ? የለም የኔ ቆንጆ። ዳቦስ? ዳቦውን መንገድ ላይ ጨረስሽው እኮ። አራት ዓመቷ ነው። ድንቢጥ ያልናት እንደ ወፍ እየለቀመች ስለምትበላ ነበር፣ እናቷ ሞታ እኔ እዚያ ቤት ስገባ አንዲት እንቁላል ለማጉረስ አውሮፕላን ሆኛለሁ፣ ዶሮ ሆኛለሁ፣ ጉንጯ ውስጥ ደብቃ የዋለችውን ጉርሻ በጣቴ እያወጣሁ አልቅሻለሁ፣ ያኔ ማንም አላየኝም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ምን እንደገባባት እንጃ፣ ቁርስ በልታ ቁርስ ትጠይቃለች፣ የቋጠርኩላትን ምሳ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቆማ ጨርሳ ትገባለች፣ ድስት ስከፍት ከኋላዬ ናት፣ ሆዷ የተበሳ ይመስል።

ጸጉር ቤት ማውራት አልነበረብኝም። አፌ! የደንበኛ ጸጉር በቢጎዲን እየጠቀለልኩ አመለጠኝ፣ አንዷ ትል ነው አለች፣ ሌላዋ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆና ምን አላችሁ ብላ ጮኸች፣ ነገሯት፣ ስኳር ነው አለች፣ የጎረቤቴ ልጅ እንዲሁ እየበላች እየበላች፣ ከስታ ከስታ፣ ከዚያስ? ከዚያማ ተዪው። ተዪው! እንዲህ ተብሎ ይተዋል? ጠዋት ሳጥባት የጎን አጥንቷን በጣቴ ዳበስኩ፣ ከስታ ይሆን፣ ወይስ አጥንቷ ድሮም እንዲህ ነበር፣ እናት ብሆን አውቅ ነበር፣ እናት ታውቃለች ይላሉ።

ወይስ አዝና ይሆን የምትበላው። የሆነ ነገር ጎድሏት፣ እኔ የማልሞላው። የእንጀራ እናት፣ ስሙ ራሱ፣ እንጀራውን ሰጥተውኝ እናትነቱን አስቀርተውብኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ በእንጀራውም ታማሁ።

ጠዋት ባሌ ከመንገድ ደወለ፣ እህቴ፣ ድንቢጥ ለጊዜው እኔ ጋ ትክረም ትላለች፣ አለኝ። ለጊዜው። አይሰማም አልኩ። ጥርት ብሎ ይሰማል። ዘጋሁበት። ግን ታማ ከሆነስ፣ እዚሁ እጄ ላይ ታማ ሳላይ ቀርቼ ከሆነስ፣ በምን አፌ ነው አልሰጥም የምለው።

ግቡ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጇ ቀዝቃዛ ሳይሆን አይቀርም፣ ድንቢጥ ስትነካት ትስቃለች። ውሃ ታበዛለች? አታበዛም። ሽንቷ ይመላለስባታል? ኧረ የለም። እንቅልፍስ? እንደ ድንጋይ ነው የምትተኛው። ጣቷን ወግታ ደም ትወስዳለች፣ ድንቢጥ አታለቅስም፣ ልትበሉት ነው? ትላለች። ሚዛን። ቁመት። ሰገራ፣ በትንሽ ብልቃጥ። ውጤት እስኪመጣ ውጭ እንቀመጣለን፣ እንነሳለን፣ መስኮት እናያለን፣ እንደገና እንገባለን። ሐኪሟ የድሮ ካርዷን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ተናገሪ በእናትሽ።

ጨምራለች።

ምኗ?

ሁለቱም፣ ኪሎዋም ቁመቷም፣ ስኳርም የለባት፣ ትልም የለባት፣ እያደገች ነው እናቷ፣ አንዳንዴ ልጆች ወር ሙሉ አልበላም ብለው አንድ ቀን ተነስተው ቤቱን ያራቁታሉ፣ አይከልክሏት፣ አያስገድዷት፣ ስትጠግብ ራሷ ትተዋለች፣ ከከሳች ወይም ውሃ ውሃ ካለች ግን ይዘዋት ይምጡ።

እናቷ አለችኝ። አላረምኳትም። ዶክተር፣ ይህንኑ ለባሌ እህት ደውለው ቢነግሩልኝ፣ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፣ የምቀልድ ይመስላታል።

ደረጃው ላይ ስልክ፣ እሱ ነው። ምን አሉሽ? እያደገች ነው አሉኝ። ይስቃል፣ እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ነበርኩ እኮ፣ እናቴ ዳቦ ትቆልፍብኝ ነበር፣ እህቴ ናት ቁልፉን እየሰረቀች የምታበላኝ። እቆማለሁ። ሰው ከኋላዬ ይጋጨኛል፣ ይቅርታ፣ ይለፉ። እህትህ ታውቃለች ማለት ነው? ታውቃለች። አንተም? ትናንት እንግዳ ሁሉ ሲስቅብኝ ታውቅ ነበር? ረሳሁት፣ ሙች ረስቼው ነው። ስማኝ፣ ድምፄ የኔ አይመስልም፣ ልጄ የትም አትከርምም፣ ለእህትህ ደግሞ አንተ ነህ የምትነግራት፣ ዛሬ፣ ሰው ፊት ነው የተናገረችው፣ ሰው ፊት ታስተካክለው። ሞተሩን ሲያጠፋ ይሰማኛል። እሺ ይላል። እደውልላታለሁ። ልክ ነሽ። ልክ ነሽ! ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ቃል እንዲህ አጭር ናት?

ከክሊኒኩ ማዶ ምግብ ቤት አለ፣ እንገባለን፣ ሩዝ በአትክልት፣ ትልቅ ሳህን፣ ብዪ የኔ እመቤት፣ እስኪበቃሽ፣ ማንም አያይሽም፣ ቢያይስ። ትበላለች፣ ትበላለች፣ ከዚያ ማንኪያውን ታስቀምጣለች። ጠገብኩ። ምን? ጠገብኩ። እንዴት ጠገብሽ፣ ግማሹ እንኳ አላለቀም እኮ፣ ግንባሯን እነካለሁ፣ አይሞቅም፣ አንዴ ብቻ፣ ለእኔ ስትይ፣ አልፈልግም ትላለች፣ ሳህኑን በሁለት እጇ ወደ እኔ እየገፋች፣ አንቺ ብዪ።

እኔ።

ከትናንት ምሳ ወዲህ ምን ቀመስኩ? ሻይ። ሻይም አልጨረስኩት። ማንኪያዋን አነሳለሁ፣ ሩዙ ገና ትኩስ ነው፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ እንዴት ርቦኛል፣ አንገቴን ሳላቀና እበላለሁ፣ ትንሽ እጇ ክንዴ ላይ ነው፣ ቀስ ብለሽ ትላለች ድንቢጥ፣ ያንቅሻል።