የኤድዊን ፕራት የቁም ተዝካር

፩

ያላገባ።

፪

ከዚች ከአንዲት ቃል ነው የምንነሣው። ሌላ መግቢያ የለንም፤ አንባቢ ሆይ፣ አትጠብቅ። ቃሏ እንግሊዝ አገር፣ ኔዘር ዊክ በምትባል የገጠር ደብር የጋብቻ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ዘመኑ በእኛ 1942 ነው። ሙሽራው ኤድዊን ፕራት የሚባል የድልድይ መሐንዲስ ነው። «ከጋብቻው በፊት የነበረው ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ሥር የደብሩ ቄስ በሚያምር እጅ ጽሑፍ እንዲያ ብለው ጻፉለት።

እንዴት ነው ያላገባው? ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ፣ ድልድይ ሲጠግን ቆይቶ፣ ክርስትና ተነሥቶ፣ ኃይለ ማርያም ተብሎ፣ ጉለሌ ላይ በሽማግሌ ፊት ወይዘሮ የሸዋሉልን በሰማንያ አግብቶ የለም? ሴት ልጅ ወልዶ፣ «ሄጄ እመጣለሁ» ብሎ ወጥቶ የለም? ልጅቱ ጽጌማርያም ኤድዊን ይኸው ሰባውን ተሻግረው እዚያው ጉለሌ ተቀምጠዋል። (ለእሳቸው አንቱ እንላለን። ለኤድዊን አንልም። ቅር ያለው ሰው ይዝለለው።)

፫

የእንግሊዝ ዘመድ ለመፈለግ አጭር መመሪያ

ሀ. የሰውየውን ስም ከነአጻጻፉ ያዢ።

ለ. ደብሩን እወቂ። አያትሽ «ኔዘር ዊክ፣ ኔዘር ዊክ» እያሉ እንደ ዳዊት ሲደግሙት ስለኖሩ ይህ አይቸግርሽም።

ሐ. ደብሩ ሦስት ዓይነት መዝገብ አለው፤ የጥምቀት፣ የጋብቻ፣ የቀብር። የምትፈልጊውን አንዱን ብቻ ጠይቂ።

መ. አንዱን ብቻ።

፬

አዜብ የጠየቀችው የቀብሩን ነበር። የወይዘሮ ጽጌማርያም ልጅ ናት፤ ፋርማሲስት ናት፤ የሐኪም ጽሑፍ ሲያነብ የኖረ ዓይን አላት። እናቷ ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ለመኗት።

«የአባቴን መቃብር ፎቶ አስልኪልኝ። በኅዳር ሚካኤል፣ ሙት ዓመቱ ላይ፣ መሶቡ አጠገብ ላቁመው። አባት እንደነበረኝ ዓይኔ ይይና ልረፍ።»

አዜብ ለደብሩ ኢሜይል ጻፈች። ማርጀሪ የምትባል፣ መዝገቡን በበጎ ፈቃድ የምትጠብቅ ባልቴት መለሰችላት። የቀብሩን ቅጂ ላከች። ፎቶውንም ላከች። ከዚያ ደግሞ፣ «ካስፈለገሽ ብዬ የጋብቻውንም ጨመርኩልሽ» አለች።

እግዜር ይስጣት። ወይም አይስጣት።

፭

ኤድዊን ፕራት ሞተ ተብሎ ጉለሌ የተለቀሰው በ1944 ነው።

ኔዘር ዊክ የተቀበረው በእኛ 1966 ነው።

ቀንሱት። እኔ አልቀንስም።

በዚያ ሁሉ ዘመን ጉለሌ ላይ በየኅዳር ሚካኤሉ ጠላ ተጠምቋል፤ ዳቦ ተደፍቷል፤ ካህናቱ «ነፍሰ ኃይለ ማርያምን ይማር» ብለዋል። ነፍሰ ኃይለ ማርያም እዚያ ማዶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ሻዩን በወተት ይጠጣል። የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው እናውቃለን፤ ወራሽ የሌለው፣ ከሞትኩ ማን ያስበኛል ያለ ሰው ያወጣል። ይኼኛው ግን ሌላ ሰው ደግሶለት፣ እሱ አልሰማም።

፮

ይህ ቁጥር የወይዘሮ የሸዋሉል ነው። እሳቸው ሳይሰሙ አልፈዋል። ጥቁራቸውን ሳያወልቁ፣ «ባሌ አፈር ሳይደርቅበት» እያሉ ስንቱን ላግባዎ ያለ ደህና ሰው መልሰው።

ባዶ ይሁንላቸው።

 

 

፯

የጋብቻው ቅጂ እንዲህ ይላል፦

ሙሽራው፦ ኤድዊን ፕራት

ሁኔታ፦ ያላገባ

ሙሽራዋ፦ ዶሪስ ሂግስ

ሁኔታ፦ ያላገባች

ምስክር፦ ቶማስ ሂግስ፣ የሙሽራዋ አባት

ምስክር፦

እዚህ ጋ ማርጀሪ ከጎኑ ማስታወሻ ጽፋለች። «የሁለተኛው ምስክር ፊርማ ማንበብ አቅቶን ኖሯል። እኛ ጌጥ ነው ብለን ነበር።»

፰

ጌጥ አይደለም። አማርኛ ነው።

አስናቀ፤ የ«ቀ» ጭራ ወደ ኋላ ተመልሶ ስሙን ሁሉ ከሥር አቅፎት «አ» ላይ ሲያበቃ። አዜብ ይህን ፊርማ ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ በካርዷ ላይ፣ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ቦታ፣ ስታየው ነው ያደገችው።

ኢንጂነር አስናቀ ወልደ ጊዮርጊስ የአያቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። እንግሊዝ አገር ተምረው የመጡ፣ እናቷን እንደ ልጃቸው ያሳደጉ፣ የዳሩ፣ የኳሉ። ወይዘሮ ጽጌማርያም «ጋሼ» ብለው ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «ጋሼ እያለ አባት የለኝም ብዬ አላውቅም» ይላሉ፣ ለሰማ ሁሉ።

አዜብ ቅጂውን ያነበበችው ፋርማሲው ውስጥ ነው። ባንኮኒው ፊት የቆመ ሰውዬ «የሳል ሽሮፕ ነበር» አላት። የዓይን ጠብታ ሰጠችው። «ኧረ እህቴ፣ ሳል ነው ያልኩሽ!» አለ። ተቀበለችውና ጓዳ ገብታ፣ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰውዬው ውጭ ይስላል።

፱

መርዶውን ማን አመጣው ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም ጠይቁኝ ብዬ ነው የምጠብቀው።

እሳቸው።

ኢንጂነር አስናቀ በ1944 ከእንግሊዝ በገቡ በሳምንታቸው፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌ አስከትለው የእህታቸውን በር አንኳኩ። «የሳንባ ምች ነው። በእጄ ነው የቀበርኩት» አሉ። እህታቸው መሬት ላይ ሲወድቁ ደግፈው ያነሷቸውም እሳቸው ናቸው። ሰው ጉድ እስኪል አለቀሱ ይባላል።

፲

ቦታ፦ የኢንጂነር አስናቀ ሳሎን። ከምሳ በኋላ።

አዜብ፦ አባባ፣ ይቺ ፊርማ የማን ናት?

አስናቀ፦ እስቲ መነጽሬን አቀብይኝ።

አዜብ፦ አድርገውታል።

አስናቀ፦ የኔ ናት።

አዜብ፦ ሰርጉ ላይ ነበሩ?

አስናቀ፦ ከሰርጉም በፊት ነበርኩ። እዚያ አገር ቄሱ የሚጋቡትን ሰዎች ስም በሦስት እሑድ ያነብባል። «እነዚህ እንዳይጋቡ የሚያግድ ነገር የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይናገር» ይላል። ሦስቱንም እሑድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

አዜብ፦ እና?

አስናቀ፦ ብርድ ነበር።

አዜብ፦ ብርድ ነበር! አያቴ እዚህ መንገድ መንገዱን እያየች፣ ብርድ ነበር ነው የሚሉኝ?

አስናቀ፦ ኮሌጅ ያስገባኝ እሱ ነው። ዋሴ እሱ ነው። በዓል የምውለው ቤተሰቦቹ ቤት ነው፤ ሌላ የማውቀው ሰው አልነበረም። ብናገር እሱ ወህኒ ይወርዳል፣ እኔ ትምህርቴን ጥዬ እመለሳለሁ። ምስክር ሁንልኝ አለኝ። ብፈርም እንደማልናገር አውቆ ነው።

አዜብ፦ ከዚያ መጥተው ገደሉት።

አስናቀ፦ ጥሎኝ ሄደ ከምትል ሞተብኝ ትበል ብዬ ነው። ባሏ ለሞተባት ሰው ይነሣላታል። ለተጣለች ሴት ማን ይነሣል?

አዜብ፦ ለእሷ ብለው ነዋ!

አስናቀ፦ አይደለም። መጀመሪያ ለራሴ ነው።

አዜብ፦ እኔ እርስዎን ነበር የማምነው። ከሰው ሁሉ እርስዎን።

አስናቀ፦ እናትሽ የተማረችው በዚያ ትምህርት ነው። አንቺም። እዚህ ቤት የተበላው ሁሉ ከዚያ ዝምታ ነው የመጣው።

አዜብ፦ እኛ አብሉን አላልንም!

አስናቀ፦ አላላችሁም።

(እዚህ ላይ ሽማግሌው መነጽራቸውን ያወልቃሉ። እንዲታዘንላቸው አይደለም የምጽፈው፤ ስላወለቁ ነው።)

አስናቀ፦ ለጽጌ ትነግሪያታለሽ?

አዜብ፦ እርስዎ ይንገሯት።

አስናቀ፦ እሺ።

፲፩

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ኢንጂነሩ አልነገሩም።

፲፪

ቤቱ ሞልቷል። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ጠላው ዞሯል። ኢንጂነር አስናቀ እንደወትሮው የክብር ቦታቸው ላይ፣ ከመሪጌታው ቀጥለው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ጽጌማርያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ ያጎረሱት እሳቸውን ነው። ጋሼ ጎረሱ። አዜብ አየቻቸው፤ ሲያኝኩ አየቻቸው።

መሶቡ አጠገብ ለፎቶ የሚሆን ክፈፍ ቆሟል። ባዶ ነው። እናቷ ራሳቸው ፒያሳ ወርደው የገዙት ነው። ፎቶው አዜብ ቦርሳ ውስጥ ታትሞ ተቀምጧል። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ዓመት ጥርት ብሎ ይነበባል። ከሥሩ የጋብቻው ቅጂ አለ።

መናገር እናቷን በአንድ ቀን ሁለት አባት ማሳጣት ነው። አንዱን ጥሏቸው የሄደውን፣ አንዱን ያሳደጋቸውን። ዝም ማለት ደግሞ ከጋሼ ፊርማ ሥር መፈረም እንደሆነ አሁን ታውቀዋለች፤ የዚያ ፊርማ ጭራ እንዴት ተመልሶ ሁሉን እንደሚያቅፍ በዓይኗ አይታለች።

«አዜብዬ» አሉ እናቷ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እንግሊዞቹ ምን አሉሽ? ጋሼ በእጁ የቀበረበትን አገኙት?»

ኢንጂነር አስናቀ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ቀና ብለው አዜብን አዩዋት። ከንፈራቸው ተላቀቀ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ እንደተቀመጠ ጎረምሳ መልሰው ገጠሙት።

መሪጌታው ሳል አሉ። አዜብ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዚፑን ያዘች።

«ምነው?» አሉ ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ ፈገግታቸው ገና ሳይጠፋ፣ አንዴ ጋሼን አንዴ ልጃቸውን እያዩ። «ምን ዝም ትባባላላችሁ? የምታውቁት ነገር ካለ ተናገሩ እንጂ!»

፲፫

ምስክር፦ አስናቀ ወልደ ጊዮርጊስ

ምስክር፦