ያልተጣሰው አጥር

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ ወረቀት ላይ የወጣማ የባሰ ነው። ወይዘሮ ፋንቱ ይህን ያወቁት ሊሙ ገነት ፍርድ ቤት ቆመው የገዛ ክሳቸው ሲነበብ ነው።

የከሰሱት ኤርሲዶን ነው። ኤርሲዶ ከሆሳዕና አካባቢ መጥቶ ሃያ ዓመት ሙሉ የባላቸውን የጋሽ አብተውን ቡና ሲኮተኩት፣ ጓሮ ባለችው ጎጆ ሲኖር የኖረ ሰው ነው። ጋሽ አብተው ባረፉ በሦስተኛው ወር ወይዘሮ ፋንቱ ጅማ ልጃቸው ዳግማዊ ቤት ሰንብተው ሲመለሱ፣ ባላቸው በእጃቸው የተከሏቸው የቡና ዛፎች ከጉልበት በታች ተቆርጠው፣ ጉቶ ሆነው ጠበቋቸው። አንጀታቸው ተቃጠለ። ኤርሲዶ ሊያነጋግራቸው ሲመጣ በሩን ዘጉበት። ዳግማዊም ቦታውን ሊነጥቅሽ ነው ብሎ እሳት ላይ ቤንዚን ጨመረ። በነጋታው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ለሚጽፈው ለቲጃኒ፣ ከቦታዬ ይውጣልኝ ብቻ አሉት፤ ቀሪውን እሱ ጨረሰው። ሳያስነብቡ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

ቲጃኒ ደግሞ፣ አንድዬ ይይለት፣ አጥር ሳያስጥስ ክስ አይጽፍም።

ዳኛዋ ፈድሊያ ስታነበው፣ ተከሳሹ አጥር ጥሶ፣ በጉልበት ገብቶ፣ ከሳሿን አስፈራርቶ ይላል። ክሱ የተጻፈው በኦሮምኛ ነው፤ ወይዘሮ ፋንቱ አሳምረው ይሰማሉ። ኤርሲዶ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬቱን ያያል። ወይ ጉድ! አጥሩን ያጠረው እኮ እሱ ነው። ጋሽ አብተውንም በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ የተሸከመው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሐፍረት በዕድሜያቸው አላዩም።

እጃቸውን አወጡ። ይህ ቃል የኔ አይደለም፣ ይስተካከልልኝ አሉ። ዳግማዊ ነጠላቸውን ጎተተና በጉልበት የሚለው ቃል ከወጣ ክሱ ይወድቃል ብሎ አንሾካሾከ። ዳኛዋም አልደበቀቻቸውም፤ ፍርድ እስካልተሰጠ ድረስ፣ እውነተኛውን ክርክር የሚያወጣ ከሆነ ክስ ማሻሻል ይፈቀዳል፣ ተከሳሹም መልስ ይሰጥበታል፤ ግን በጉልበት ካልገባ "ሁከት ይወገድልኝ" የሚለው ክስዎ መቆሚያ ያጣል አለቻቸው።

"ይጣ" አሉ።

ኤርሲዶ ይቃወም እንደሆነ ተጠየቀ፤ እንደማይቃወም ቀስ ብሎ ተናገረ። ዳኛዋም በምትኩ ምን ተብሎ እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው።

ወይዘሮ ፋንቱ ነጠላቸውን ከዳግማዊ እጅ አላቀቁ። "የባሌን ቡና ሳይጠይቀኝ ቆረጠብኝ። ለምን እንደቆረጠው ይንገረኝ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።"

እንዲህ ያለ የዳኝነት ጥያቄ በየትኛውም የሕግ መጽሐፍ የለም። ፈድሊያ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወደ ኤርሲዶ ዞረች።

"ጋሽ አብተው ናቸው ያዘዙኝ" አለ። "ሊያርፉ ሲሉ፣ ቡናው አርጅቷልና ይጎንደል፣ ከጉቶው እንደ አዲስ ያቆጥቁጥ አሉኝ። ፋንቱ ግን ሲወድቅ ማየት አትችልም፣ ጅማ ስትሄድ ጠብቀህ ቁረጠው አሉ። ልነግርዎት ስመጣ በሩን ዘጉብኝ፣ እትዬ።"

ወይዘሮ ፋንቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ባላቸው ሞተውም ያስቡላቸዋል። ዳኛዋ ክሱ ይቀጥል እንደሆነ ስትጠይቃቸው ይቅር አሉ።

"መቼ ያፈራል?" አሉት ኤርሲዶን።

"በሦስተኛው ዓመት።"

ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በልባቸው ደመሩት።

"እኔ እጠብቀዋለሁ" አሉ። "አንተም የትም አትሄድም።"